ሁለቱ ሀልፋዎችና የገጠር ሰው ድምፅ

የሱዳንን ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚያስተምር መምህር ሀልፋ የሚል ስም ሁለት ቦታ ተጽፎ ያገኛል። አንደኛው በስተ ሰሜን ጫፍ፣ ዓባይ ወደ ግብፅ በሚሻገርበት ዳር ያለው ዋዲ ሀልፋ ነው። ሁለተኛው ከከሰላ በስተ ምዕራብ፣ ከገዳሪፍ በስተ ሰሜን፣ በአትባራ ወንዝ አካባቢ ያለው ኒው ሀልፋ፣ ዐረቦቹ ሀልፋ አል ጀዲዳ የሚሉት ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ እንኳ ከ800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አንድ ተማሪ ይህን አይቶ «አንድ ከተማ እንዴት ሁለት ቦታ ይገኛል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የጂኦግራፊ ይመስላል እንጂ የታሪክ ነው። ጠጋ ብለን ካየነውም የድምፅ ጥያቄ ነው። ማን ተጠየቀ? ምን መለሰ? መልሱስ ተቈጠረ ወይ?

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የኒው ሀልፋና የአካባቢው የገጠር ሕዝብ የፖለቲካ ዝንባሌ ከየት እንደ መነጨና ድምፁን በምን በምን መንገድ እንደ ሰጠ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው፤ በኛ አቈጣጠር ሲሆን ይገለጻል።

ብዙውን ጊዜ ስለ ምርጫ ስናስተምር ከፓርቲ ፕሮግራም እንነሣለን። ለገጠር ምርጫ ግን ይህ መነሻ አይበጅም። የገጠር ሰው ድምፁን ከመስጠቱ በፊት ብዙ ዘመን አስቀድሞ ዝንባሌው ተበጅቶ ያድራል። የኒው ሀልፋን አካባቢ ለመረዳት ቢያንስ ወደ 1889 መመለስ ያስፈልጋል።

ይህን ዓመት የኢትዮጵያ ተማሪ በደንብ ያውቀዋል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በኛ አቈጣጠር መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የቈሰሉበትና ወዲያው ያረፉበት ዓመት ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የድርቡሽ ጦር ጎንደርን አቃጥሎ ነበር። ብዙዎቻችን የማናስታውሰው ነገር ቢኖር ያው የኦምዱርማን መንግሥት በዚያው ዓመት በሰሜኑም ጫፍ ሌላ ጦር መላኩን ነው። ወድ አል ኑጁሚ የሚባለው አዛዥ ግብፅን ለመውረር ሲወርድ በሐምሌ ወር ከዋዲ ሀልፋ አጠገብ አርጊን በተባለው ቦታ ውጊያ ገጠመው፤ በነሐሴ ወር መጀመሪያ ደግሞ ቱሽኪ ላይ ድል ሆኖ ተገደለ። ዋዲ ሀልፋ በዚያ ሁሉ ዘመን የእንግሊዝና የግብፅ ጦር የድንበር ሰፈር ስለ ነበር ለመሐዲው መንግሥት አልተገዛም። ስለዚህ የሀልፋ ሰው የአንሳርን ስም የሚያውቀው እንደ ጎንደር ሰው በጦርነት ነው።

ቡታና በሚባለው ሰፊ የግጦሽ ሜዳ፣ ዛሬ ኒው ሀልፋ ባለበት ምድር፣ በዚያን ጊዜ ግመልና በግ እያረቡ የሚኖሩት የሹክሪያ ዐረቦች ነበሩ። የሹክሪያ አለቆች የአቡ ሲን ቤተሰብ ከቱርክና ከግብፅ አስተዳደር ጋር ስምም ነበሩ፤ ከቤተሰቡ አንዱ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የካርቱም ገዥ እስከ መሆን ደርሷል። መሐዲው ሲነሣ ይህ ቤት ተጠራጣሪ ሆነ፤ ዐወድ አል ከሪም አቡ ሲን በኦምዱርማን ታስሮ ሞተ። ከዚያ ላይ ረኀቡ መጣ። እኛ «ክፉ ቀን» የምንለው ያ ዘመን በሱዳን «ሰነት ሲታ» ይባላል፤ በሂጅራ አቈጣጠር 1306 ዓመት በመሆኑ የስድስት ዓመት ማለት ነው። ሹክሪያ ከብቱንም ሰውንም አጣ።

በስተ ምሥራቅ በኩል በከሰላ ተራራ ሥር የኸትሚያ ጠሪቃ ዋና መስጊድ አለ። የጠሪቃው መሪዎች የሚርጋኒ ቤተሰብ ናቸው። ጠሪቃ ማለት መንፈሳዊ ማኅበር ነው፤ ሼኹ ለተከታዩ አስታራቂውም አማላጁም ነው። ኸትሚያም በመሐዲው ዘመን ተሳድዷል። በዚህ ዐይነት ሦስቱ ወገኖች፣ የሀልፋ ኑቢያውያን፣ የቡታና ዐረቦችና የከሰላ አካባቢ ሕዝብ፣ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ይጋሩ ነበር። ከአንሳር ወገን አልነበሩም።

የምርጫ ዘመን ሲመጣ ይህ ሁሉ ወደ ፓርቲ ተለወጠ። በ1945 የተመሠረተው የኡማ ፓርቲ ጠባቂ የመሐዲው ልጅ ሰይድ ዐብድ አል ረሕማን ነበሩ። የተቃራኒው ወገን፣ ከግብፅ ጋር አንድነት ይሁን ይል የነበረው ብሔራዊ የአንድነት ፓርቲ፣ የሰይድ ዐሊ አል ሚርጋኒ ድጋፍ ነበረው። በኅዳርና በታኅሣሥ 1953 ሱዳን የመጀመሪያውን አጠቃላይ ምርጫ ስታደርግ የምርጫ ኮሚሽኑን የመሩት ሕንዳዊው ሱኩማር ሴን ናቸው። ከ97 መቀመጫዎች 5ቱ ለተማሩ ሰዎች የተለዩ ሲሆኑ፣ ከቀሩት 92 መቀመጫዎች በቀጥታ ድምፅ የተሞሉት 35 ብቻ ናቸው። 57ቱ የተመረጡት በተዘዋዋሪ ነው። የገጠሩ ሰው መራጮችን ይመርጣል፤ እነሱ ደግሞ እንደራሴውን ይመርጣሉ።

ለዘላን ሕዝብ ይህ ማለት ምን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። መራጮቹን የሚያቀርበው የጎሣው አለቃ ነው። የጎሣው ሰው ለአለቃው ድምፁን ሲሰጥ እንደ ነፃ መራጭ ሳይሆን እንደ ወገን ይቈጠራል። ይህን ስናገር የዘላኑን ሰው ማስተዋል ለማቃለል አይደለም። የውኃ ጒድጓድ ክርክርን፣ የደም ካሣንና የግጦሽ ድንበርን የሚዳኝለት ያው አለቃ ከሆነ ከእሱ ጋር መቆም ብልህነት ነው። ካርቱም ያለ እንደራሴ ጒድጓድ አያስከፍትም።

በዚያ ምርጫ ብሔራዊ የአንድነት ፓርቲ 51 መቀመጫ አግኝቶ ኢስማዒል አል አዝሃሪ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በ1956 ኸትሚያዎች ከአዝሃሪ ተለይተው የሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲን አቋቋሙ። በ1958 መጀመሪያ የተደረገው ሁለተኛው ምርጫ 173 መቀመጫ ነበረው፤ ሁሉም በቀጥታ ተመረጡ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣኑን ያዙና ፓርላማው ተዘጋ።

ለማነጻጸር ያህል ወደ አገራችን መለስ እንበል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የእንደራሴዎች ምርጫ የተደረገው በ1957 ነው። ፓርቲ አልነበረም። ለመመረጥ ደግሞ ንብረት ያስፈልግ ስለ ነበር ድሃው ገበሬ ቢመርጥም ለመመረጥ አይችልም ነበር። እንግዲህ በድንበሩ በወዲህ ያለው የመተማ ገበሬ ያለ ፓርቲ ለባለ ንብረት ሰው ድምፁን ሲሰጥ፣ በድንበሩ በወዲያ ያለው የገላባት ገበሬ ደግሞ የፓርቲ ስም በተሰጠው ጠሪቃ ይመርጥ ነበር። ሁለቱም ለሚያውቁት ትልቅ ሰው ነው ድምፃቸውን የሚሰጡት። ልዩነቱ ሱዳናዊው ትልቅ ሰው ከሰፈሩ ርቆ፣ በመላ አገሪቱ ተከታይ ያለው መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ኅዳር 8 ቀን 1959 ግብፅና ሱዳን የዓባይን ውኃ ለመካፈል ተዋዋሉ። ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተመደበ። ውኃው የሚመነጭባት ኢትዮጵያ አልተጠየቀችም፤ ይህን ሁሉም አስተማሪ ያነሣዋል። ነገር ግን በውሉ ምክንያት አገራቸው በውኃ የሚሰጥመው የዋዲ ሀልፋ ሰዎችም ውሉ ከመፈረሙ በፊት አልተጠየቁም። የአስዋን ትልቁ ግድብ ሲሠራ ከሱዳን በኩል 50,000 ያህል ሰው ከመንደሩ መነሣት ነበረበት። ግብፅ ለካሣ 15 ሚሊዮን ፓውንድ ልትከፍል ተስማማች።

መንግሥት ግን አንድ ነገር አደረገ፤ የመጨረሻውን ውሳኔ ከማሳወቁ በፊት ጠየቃቸው። የሀልፋ ሰዎች ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ለሰፈራ የታሰቡትን ቦታዎች ተዘዋውሮ አየ። አባሎቹ የዓባይ ዳር ሰዎች ናቸውና የፈለጉት ዓባይን ነው፤ ካርቱም አካባቢ ያለውን ቦታ መረጡ። በአትባራ ወንዝ ላይ፣ ኸሽም ኤል ግርባ የተባለውን ቦታ አልፈለጉም። ከዘመዳቸው ሁሉ የራቀ ነው። ዝናብና መብረቅ፣ የወባ ትንኝም ያለበት ነው፤ በዋዲ ሀልፋ ደግሞ ዝናብ ማለት ለብዙ ዓመት የማይታይ ነገር ነው። በዙሪያው የሚኖሩትም የማያውቋቸው ዘላኖች ናቸው።

በጥቅምት 1960 ሚኒስትሮች ወደ ዋዲ ሀልፋ መጥተው የመንግሥትን ውሳኔ አስታወቁ። የተወሰነው ኸሽም ኤል ግርባ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጊዜው የአውራጃው አስተዳዳሪ የነበሩት ሐሰን ደፈዐላህ በ1975 በታተመው ስለ ኑቢያውያን ፍልሰት በጻፉት መጽሐፍ ተርከውታል። ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ሚኒስትሮቹ ያረፉበት ሆቴል ተከበበ፤ ፖሊስ የሚያስለቅስ ጢስ ተኰሰ። ሰልፉ ወደ ካርቱምም ተዛመተ። በወታደር አገዛዝ ሥር፣ ፓርላማ በተዘጋበትና ፓርቲ በታገደበት ጊዜ፣ ይህ ከመጀመሪያዎቹ ትላልቅ የሕዝብ ተቃውሞዎች አንዱ ነው።

በኔ አስተያየት የሀልፋን ሕዝብ የፖለቲካ ዝንባሌ ከማንኛውም የምርጫ ውጤት ይልቅ የሚገልጸው ይህ ነው። ሰዎቹ መጀመሪያውኑ ባይጠየቁ ኖሮ ምናልባት እንደ ሌላው መከራ ሁሉ እያጒረመረሙ ይቀበሉት ይሆናል። ተጠይቀው፣ ተመካክረው፣ ቦታውን በዐይናቸው አይተው መልስ ከሰጡ በኋላ መልሳቸው እንዳልተሰጠ መቈጠሩ ግን ሌላ ቁስል ነው። ከኛም ታሪክ የሚመሳሰለው አለ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ በፓርላማ እንደራሴዎች ነበሩት። ዐዋጁን ያጸደቀው ያው ፓርላማ ስለ ነበር ገበሬው ድምፁን በመሣሪያ ገለጸ፤ መንግሥትም በመጨረሻው ውዝፉን ግብር እስከ መማር ደረሰ። የጎጃም ገበሬ በከፊል ተሳካለት። የሀልፋ ሰው አልተሳካለትም።

ጥር 6 ቀን 1964 የፋረስ መንደር ሰዎችን የያዘው የመጀመሪያው ባቡር ከዋዲ ሀልፋ ተነሣ። ከመሄዳቸው በፊት ወደ መቃብር ሄደው ሙታናቸውን ተሰናበቱ፤ በመቃብሩም ላይ ውኃ አፈሰሱ። ስለ ንብረት ካሣ የተደረገው ቈጠራ ራሱ የዚያን ማኅበረሰብ አኗኗር ያሳያል። አንድ የተምር ዛፍ ባለቤቱ አንድ ሰው ላይሆን ይችላል። መሬቱ የአንዱ፣ የተከለው ሌላው፣ ውኃ ያጠጣው ሦስተኛ ሰው ሆኖ ፍሬውን ይካፈሉታል፤ ድርሻውም በውርስ ይሸነሸናል። ለዚህ ሕዝብ ዛፍ ማለት ዝምድና ነው። በአዲሱ ቦታ የጠበቃቸው ግን በቀጥታ መስመር የተሠራ የሲሚንቶ ቤት ነበር፤ የክፍሉ ቁጥር በቤተ ሰቡ ብዛት ይወሰናል። መንደሩም ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። ሰዎቹ ግን አርጊን፣ ደጌም፣ አሽኬት፣ ደቤራ የሚሉትን የጥንት ስሞች ይዘው መጡ፤ ቁጥሩ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሲቀር ስሙ በአፍ ቀጠለ።

ሁሉም አልሄደም። ጥቂት መቶ ቤተ ሰብ እምቢ ብሎ ውኃው ሲጨምር ወደ ኮረብታው ከፍ እያለ፣ ጎጆውን እያፈረሰና እየሠራ እዚያው ቀረ። ዛሬ በካርታው ላይ ሀልፋ ሁለት ቦታ የተጻፈው እነዚህ እምቢ ስላሉ ነው። ያን ጊዜ የምርጫ ሣጥን አልነበረም፤ ግን ድምፅ ተሰጥቷል።

እስካሁን ስለ ሀልፋ ሰዎች ተናገርን። ታሪኩን እዚህ ላይ ማቆም ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ኸሽም ኤል ግርባ ባዶ መሬት አልነበረም። የሹክሪያ፣ የለሐዊን፣ የሀደንደዋ፣ የቤኒ አምርና የሌሎችም ጎሣዎች በየወቅቱ የሚያረፉበትና የሚያሰማሩበት ምድር ነበር። ለሀልፋ ሰዎች ቢያንስ ኮሚቴ ነበራቸው። እነዚህን ዘላኖች ስለ ግጦሻቸው በኮሚቴ የጠየቃቸው የለም። በእርግጥ መንግሥት ለእነሱም በእርሻው ድርሻ ሰጠ፤ እንዲያውም ከባለ ድርሻዎቹ በቁጥር የሚበልጡት ዘላኖቹ ናቸው። ለእያንዳንዱ 15 ፈዳን ተመድቦ አንድ ሦስተኛው ጥጥ፣ አንድ ሦስተኛው ስንዴ፣ አንድ ሦስተኛው ኦቾሎኒ ይዘራበታል። በዋዲ ሀልፋ መሬት የነበራቸው ኑቢያውያን ግን ከዚህ በላይ በካሣ መልክ የግል ርስት አገኙ። መልካሙ ቤት፣ ትምህርት ቤቱና ሐኪም ቤቱም አስቀድሞ የተሠራው በነሱ መንደር ነው።

ሁለቱ ሕዝቦች ከዚህ በኋላ ከመንግሥት ጋር የሚነጋገሩበት መንገድ የተለያየ ሆነ። የሀልፋ ሰው ከጥንት ጀምሮ ወደ ካይሮና ወደ ካርቱም እየሄደ በጸሐፊነት፣ በአስተማሪነት፣ በምግብ ቤት አስተናጋጅነት የሠራ ስለ ሆነ ማመልከቻ መጻፍ፣ ማኅበር ማቋቋምና የመሥሪያ ቤት በር ማንኳኳት ያውቃል። በየመንደሩ ክበብ አለው፤ ካርቱም ያለው ዘመዱም ጠበቃው ነው። ዘላኑ ደግሞ በአለቃው በኩል ይናገራል፤ አለቃው ካልሰማ ከብቱን በጥጡ ማሳ ላይ ይለቃል። ኑቢያዊው ይህን ጥፋት ይለዋል፤ ዘላኑ ደግሞ ማሳውን ግጦሼ ነበር ይላል። የበረኛው፣ የካሣውና የእርቁ ነገር ለብዙ ዓመት የአካባቢው ዋና ፖለቲካ ሆኖ ቈይቷል። በጋዜጣ ስለማይወጣ ፖለቲካ አይባልም እንጂ።

በጥቅምት 1964 በካርቱም ሕዝባዊ ዐመፅ ተነሥቶ የአቡድ መንግሥት ወደቀ። በ1965 የተደረገው ምርጫ በሦስት ምክንያት ለርእሳችን ጠቃሚ ነው።

መጀመሪያ፣ በአጠቃላይ ምርጫ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በሰፊው ድምፅ ሰጡ። ወንዱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ በሚሰደድባቸው የኑቢያውያን መንደሮች ይህ እንዴት ያለ ለውጥ እንደ ነበር መገመት ይቻላል። ቤቱን የምትመራው፣ ከቦይ ጠባቂው ጋር ስለ ውኃ ተራ የምትከራከረው ሴት እስከዚያ ድረስ በምርጫ አትቈጠርም ነበር። ሁለተኛ፣ ለተማሩ ሰዎች ከተለዩት 15 መቀመጫዎች ኮሙኒስቶች 11ዱን አገኙ፤ ከተመረጡትም አንዷ ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም የመጀመሪያዋ የሱዳን የፓርላማ ሴት አባል ሆነች። የተማረው ወገንና የገጠሩ ሕዝብ ምን ያህል ተራርቀው ይመርጡ እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም፤ ለመምህራን ደግሞ ከራሳችን ወገን ጋር የሚያያዝ ስለ ሆነ ልብ ልንለው ይገባል።

ሦስተኛውና ለምሥራቅ ሱዳን ዋነኛው የቤጃ ኮንግረስ ነው። ይህ ድርጅት በ1958 በፖርት ሱዳን በዶክተር ጣሃ ዑስማን በሊያና በጓደኞቹ የተመሠረተ ሲሆን ምሥራቁ ተረስቷል፤ ልማቱም ለሌላው ነው የሚል አቤቱታ ያሰማ ነበር። በ1965 10 መቀመጫ አገኘ። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን የብሔረሰብ ንቃት ብለው ብቻ ያልፉታል። ያ እውነት ነው፤ ግን በዚያ ምርጫ የኸትሚያዎቹ የሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ በምርጫው አልሳተፍም ብሎ እንደ ነበር መዘንጋት የለበትም። የጠሪቃው ፓርቲ ከሜዳው ሲወጣ የገጠሩ ሰው የአካባቢውን ብሶት በግልጽ ለመናገር ቦታ አገኘ። የጠሪቃው ፓርቲ ከአዝሃሪ ፓርቲ ጋር ታርቆ በ1967 መጨረሻ ዴሞክራሲያዊ የአንድነት ፓርቲ ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት በተደረገው ምርጫ 101 መቀመጫ አሸነፈ፤ የቤጃ ኮንግረስ ግን አነሰ። በ1986 ከሁሉም ምርጫ አንድ መቀመጫ ብቻ ቀረለት።

እንግዲህ ቤጃው በ1965 የተናገረውን ብሶት በ1968 ረሳው ማለት ነውን? አይመስለኝም። ብሶቱም ጠሪቃውም በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ሼኹ ሲጠራው ይሄዳል፤ ሼኹ ዝም ካለ ብሶቱን ያወጣል። የድምፅ ቈጠራ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ «ይህ ወረዳ የእገሌ ፓርቲ ነው» የሚለውን አነጋገር ተማሪዎቻችን በጥንቃቄ እንዲይዙት ብናስተምራቸው ይጠቅማል።

ግንቦት 25 ቀን 1969 ጃዕፈር ኒሜሪ ሥልጣን ያዙ፤ ፓርቲዎች ተዘጉ። በ1971 የጎሣ አለቆች አስተዳደር በሕግ እንዲቀር ተደረገና በየመንደሩ የሕዝብ ምክር ቤት ተባለ። በጽሑፍ ሲታይ ለተራው ዘላን ነፃነት ነው። በተግባር ግን ምክር ቤት ማለት ቃለ ጉባኤ መጻፍ፣ በጀት መጠየቅ፣ ሰነድ ማንበብ ማለት ነበረና ፊደል የቈጠረው ወገን ቀደመ። አለቃውም ሥልጣኑ በሕግ ተነሣ እንጂ ክብሩ አልተነሣም። በዚህ መካከል የግድቡ ኩሬ በደለል ይሞላ ነበር። ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል የተባለው ኩሬ ጥቂት አሥርተ ዓመታት ሳይሞሉት ግማሽ ያህሉን አጣ። ያ ደለል ከየት እንደ መጣ የኢትዮጵያ ተማሪ ሊነግረን ይችላል፤ በተከዜ፣ በአንገረብና በጓንግ የወረደ የኛው አገር አፈር ነው። ውኃው ሲያንስ መጀመሪያ የሚደርቀው የቦዩ ጫፍ ነው። ማን በቦዩ ራስ፣ ማን በቦዩ ጫፍ እንደሚኖር ደግሞ ራሱን የቻለ ፖለቲካ ነው።

ከባለ ድርሻው ሌላ በኒው ሀልፋ ማሳ ላይ የሚሠራ ሰው ብዙ ነው። ጥጡን የሚለቅመው፣ ሸንኮራውን የሚቈርጠው ከምዕራብ ሱዳን የመጣ፣ አንዳንዱም አያቱ ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነሥቶ በመንገድ የቀረ ነው። ከ1967 ጀምሮ ደግሞ ከኤርትራ፣ ቀጥሎም ከትግራይ፣ ከጎንደርና ከሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ስደተኛ እየገባ በኪሎ 26ም በሌሎችም ሰፈሮች ተቀመጠ። ስደተኛው በአዝመራ ጊዜ ይፈለጋል። በምርጫ ጊዜ አይታወቅም። በሰፈር ተወልዶ፣ በዐረብኛ ተምሮ፣ ጥጥ ለቅሞ ያደገ ልጅ ጓደኞቹ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄዱ እሱ ከበር ይመለሳል። ወላጆቹም ከተሰደዱባት አገር ምርጫ የሉበትም። ሁለት አገር የሚያውቅ፣ በሁለቱም የማይቈጠር ሰው ማለት ነው። ስለ አካባቢው የምርጫ ዝንባሌ የተጻፉ ሠንጠረዦች ይህን ሰው ሊያሳዩ አይችሉም፤ የተመዘገቡትን ብቻ ነውና የሚቈጥሩት።

ኒሜሪ በሚያዝያ 1985 ከወደቁ በኋላ በ1986 በተደረገው ምርጫ ኡማ 100 ያህል፣ ዴሞክራሲያዊ የአንድነት ፓርቲ 63፣ ብሔራዊ የእስላም ግንባር 51 መቀመጫ አገኙ። የአንድነቱ ፓርቲ ብርታት የታየው በምሥራቁና በሰሜኑ ክፍለ ሀገር ነው። ከመቶ ዓመት በፊት መሐዲውን ያልተከተለው ምድር ያን ጊዜም የመሐዲውን የልጅ ልጅ ልጅ ፓርቲ አልተከተለም። ልዩነቱ ለተማሩ ሰዎች በተለዩት መቀመጫዎች ላይ ነው። ከ21 ዓመት በፊት ኮሙኒስቶች ያሸነፉበትን ክፍል አሁን የእስላም ግንባር ጠቅልሎ ወሰደው። የገጠሩ ድምፅ ጸንቶ ሲቈይ የተማረው ወገን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ተሻገረ። የቱ ነው ኋላ ቀር፣ የቱስ አስተዋይ? ክፍል ውስጥ ብታነሡት ደወሉ እስኪደወል አያበቃም።

ሰኔ 30 ቀን 1989 ዑመር አል በሺር መንግሥቱን ገለበጡ። የቤጃ ኮንግረስ በዚህ ጊዜ ጠመንጃ ይዞ ተመለሰና እስከ ጥቅምት 2006 የአሥመራ ስምምነት ድረስ ቈየ። በሺርም በሚያዝያ 2019 ወረዱ። ይደረጋል የተባለው ነፃ ምርጫ ሳይደረግ ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ።

በጥቅምት 2024 ውጊያው ወደ ምሥራቅ ጀዚራ ሲደርስ ከታምቡል፣ ከሩፋዓና ከአካባቢው መንደሮች የተፈናቀለው ብዙ ሕዝብ የመጣው ወደ ኒው ሀልፋ ነው። ሩፋዓ የአቡ ሲን ቤት የጥንት መቀመጫ ነች። ከ60 ዓመት በፊት ግጦሹ ሳይጠየቅ የተወሰደበት የሹክሪያ ወገን፣ ቤቱ ሳይፈቀድለት የተወሰደበት የሀልፋ ሰው ወዳለበት ምድር በአህያና በእግር ሲመጣ መንደሮቹ በቁጥር ይጠሩ ነበር፤ እሱ ግን «የአርጊን ሰዎች የት ናቸው?» እያለ በስማቸው ሊጠይቅ ይችላል። በመንገዱ ዳር ባሉት የስደተኛ ሰፈሮችም በመጀመሪያው ፍልሰት ያልነበሩ፣ በሁለተኛው ግን ቈመው የሚያዩ የኛ ሰዎች አሉ።